እርማት፦ ዝገት ላይ ሬንጅ መቀባት ዝገቱን አያቆምም

«የአሮጌ ጭነት መኪና ሻንሲ (መኪናውን ከስር የሚሸከመው የብረት አጽም) ከዛገ ወፍራም ሬንጅ ቀባበት፣ አለቀ» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ሬንጁ ሲቆይ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ገብቶም እዚያው ይታፈናል። ከላይ ጥቁርና ያማረ ነው፤ ከስር ብረቱ ይበላል። ሸፍነኸው ስለማታየው ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ጭቃውን እጠብና በደንብ አድርቅ። የሚረግፈውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፋቅ። በመዶሻ ቀስ ብለህ ምታው፤ ከሰረጎደ ወይም ከተበሳ ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን የብየዳ ነው። ጤነኛው ብረት ላይ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ)፣ ከዚያ ቀለም። የሻንሲው ውስጥ ብሩሽ አይደርስም፤ እዚያ ፀረ ዝገት ዘይት ወይም ሰም ይረጫል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ብቻ እንዳትደፍናቸው።