ቪትዟን ጄት ላደረጋችሁልን የድሬ ልጆች

አቦ ይመቻችሁ! ማታ 4 ሰዓት ላይ የከዚራ ሰው ሙቀቱ በረድ ብሎለት በረንዳ ላይ ፍራሹን አንጥፎ ገና ጋደም ከማለቱ እናንተ ማርሚታዋን (የጭስ ማውጫዋን ድምፅ ማፈኛ) ቆርጣችሁ የጣላችሁላትን ቪትዝ እያስጮሃችሁ ስታልፉ ህፃኑ ይነሳል፣ ውሻው ይነሳል፣ እኔም እነሳለሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል። ይሄ ነው ጉልበት! 1000 ሲሲዋ ቪትዝ ከጃፓን ስትመጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት፣ አሁንም ፈረሶቹ እነዛው ናቸው፣ ልዩነቱ ሁሉም ባንዴ ማሽካካታቸው ነው።

የጃፓን መሐንዲስ ምን ያውቃል? ቧንቧ ሲለካ ሲሰፍር ኖሮ ያቺን ማርሚታ ገጠመላት፣ የኛ ጀለስ ከበርጫ ተነስቶ በአንድ ግራይንደር ስህተቱን አረመለት።

እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ላይ ያለው ጥበብ ነው። "መተንፈስ አለባት" ብለው አውጥተው ይወረውሩታል። ትተንፍሳ! ከሳቢያን እስከ ደቻቱ ያለውን አቧራ ሁሉ ትተንፍስ፣ አቧራው ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው ሲበላ፣ ዘይት ማቃጠል ስትጀምርና ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ስትለቅ ደሞ "አየሃት ስታጨስ?" እያሉ ይኮራሉ። ብር ያለው ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ይስባል የሚባለውን ሾጣጣ ፊልትሮ ኮፈኑ ውስጥ እዛው የጋለው ሞተር ጎን ያስገጥማል። ቀዝቃዛ አየር፣ ድሬ ላይ፣ በግንቦት! እኛ ሰዎቹ ፈልገን ያጣነውን እሷ ታግኘው እንጂ።

(የቆሸሸ ፊልትሮና ያረጀ ካንዴላ መቀየር፣ ጎማ በልኩ መንፋት የጠፋውን ጉልበት ይመልሳል፤ ግን ድምፅ የለውማ፣ ማን ይሰማልሃል?)

ባለፈው አንዱ ሐረር ላድርስህ አለኝ። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርስ ወደ 2000 ነው፣ ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ይጥላል። እኔ ግን አልሰጋሁም፣ ኋላዋ ላይ "ተርቦ" የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ደንገጎ ዳገት ላይ ወላሂ ድምፃችን ቀድሞን ሐረር ገብቷል፣ እኛ ነን የቀረነው። መጀመሪያ አይሱዙ አለፈን። ዝም አልን። ቀጥሎ የሐረር ፔጆ 404፣ ያ በፈረንጅ 1960 የወጣው ሞዴል፣ ጣራው ላይ ፍየል አስሮ አለፈን። ፍየሏ ዞራ አየችን።

"ኤሲውን አጥፋው፣ ጉልበት ይበላል" አለኝ። አጠፋሁት። ላቤ ይንጠፈጠፋል።

"መስኮቱን ክፈተዋ!"

"በዚህ ጩኸት ከፍቼው እንዴት ልንሰማማ ነው?" አልኩት።

"ምን?" አለኝ።