ሲደመር አራት

ሰሞኑን ደመወዝ የሌለው ሥራ ይዣለሁ። ቢሮዬ ከስታዲየም ጀርባ ያለው የአክስቴ ሳሎን ነው። ሥራዬ ደግሞ የሰው አገር ባቡር በሰዓቱ ይነሳ እንደሆነ ማጣራት ነው።

የአክስቴ ልጅ ጀርመን ትኖራለች። አርብ ማታ ወደ ቪየና ልትሄድ ነበር። በአንድ ባቡር ሃምቡርግ ትገባለች፤ እዚያ ወርዳ ሌሊቱን ሙሉ የሚጓዘውን፣ አልጋ ያለውን ባቡር ትይዛለች። በሁለቱ መሀል ያላት ጊዜ ጠባብ ነው። ይህንንም ለእናቷ ነገረቻት። ምን ዓይነት ልጅ ነው ለእናቱ «ጊዜው ጠባብ ነው» የሚል? በማግስቱ ደውሎ «ገብቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ አልበረደኝም» ማለት ነው እንጂ።

እቴቴ ወዲያው ደወለችልኝ። «አንተ፣ ና እስኪ። ያንተ ስልክ ባቡር ያሳያል አሉ።»

ማን እንዳለ እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ስደርስ ቡና ተፈልቷል። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። እቴቴ ስልኬን ተቀብላ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ከዚያ ረከቦቱ ላይ ስኒ አስደግፋ አቆመችው። ዕጣኑ ቀጥ ብሎ ሃምቡርግ ላይ ይጨሳል።

«ምን ይላል?»

«በሰዓቱ ነው ይላል።»

«እሱማ አሁን ነው። በኋላስ?»

ለዚህ መልስ የለኝም። ባቡሩ ራሱ የለውም።

ቀጥሎ የሰዓት ስሌት መጣ። ስልኩ 20:00 ይላል። አሥራ ሁለት ሲቀነስ የእነሱ ስምንት ሰዓት ነው። በእነሱ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር እኛ በአንድ ሰዓት ስለምንቀድማቸው ዘጠኝ። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከምሽቱ ሦስት። ይህን በአቦል አስረዳሁ፣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስጨርስ አንዲት ጎረቤት «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሰው ልጅ ይዞ የሚወጣ ምን ዓይነት ባቡር ነው?» ብላ አዘነች። እንደገና ከ20 ጀመርኩ።

ቶናው ላይ ነገር ተበላሸ። ከአረንጓዴው ጽሑፍ አጠገብ «+4» የምትል ነገር ብቅ አለች።

«ሲደመር አራቱ ምንድን ነው?»

«አራት ደቂቃ ዘግይቷል ማለት ነው።»

ወሬው ሁሉ ቆመ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ከንፈር የሚመጠጥለት አራት ደቂቃ አይቼ አላውቅም። እኛ ሠፈር ድግሱ ስድስት ሰዓት ነው ተብሎ ካርድ ይታተማል፣ ሙሽሮቹ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ሰው እልል ይላል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለች እቴቴ።

ይህን ተረት አልወደውም። ሰውን ሁሉ መርማሪ ፖሊስ ያደርጋል። እኔ የምወደው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ነው። ደጋግሜ ሳስበው፣ ሴትዮዋ ያፈሰሰችው ጤፍ መሆን አለበት። በቆሎ ቢሆን ተረት አይወጣለትም፤ አፈስ አፈስ አድርጎ መሄድ ነው። ጤፍ ግን ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ሊለቅም ያጎነበሰ ሰው ቀና ሲል መሽቷል። በአሁኑ ዋጋማ ተረቱ ራሱ መታደስ አለበት። ዛሬ ጤፍ ያፈሰሰ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ መልቀሙ ከዚያ በኋላ ነው። የወፍጮ ቤት ወረፋውን ደግሞ ባልጀምረው ይሻላል።

ባቡሩ፣ አዎ።

እቴቴን ለማረጋጋት ብዬ የማውቀውን ተናገርኩ። በጀርመን ባቡር ድርጅት አቆጣጠር ከስድስት ደቂቃ በታች መዘግየት እንደ መዘግየት አይቆጠርም። አራት ደቂቃ ማለት በሰዓቱ ማለት ነው።

«ይህን ደንብ ያወጣው ማነው?»

«ራሱ ድርጅቱ።»

«እንዴታ!» አለች፤ ወዲያው ገባት። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን አስተርጓሚ አትፈልግም።

እንዲህ እየቆጠሩም እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶው ብቻ ናቸው። ከነጭራሹ የተሰረዘ ባቡር ደግሞ ከሂሳቡ አይገባም። ያልመጣ ባቡር አልዘገየም! እኔ ይህን ሳነብ በሳቅ ልፈርስ ነበር። ወዲያው ግን ሚዜዬ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

በሠርጌ ዕለት መኪናውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክራባት አንቆኝ ደወልኩለት። «ስታዲየም ደርሻለሁ፣ መብራት ይዞኝ ነው» አለኝ። ከጀርባው የእናቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ «እንቁላሉን በቃሪያ ላድርግልህ?» እያሉ ነው። ስታዲየም መብራት ላይ እንቁላል በቃሪያ የሚጠይቁ የትራፊክ ፖሊስ የሉም። ይኸው ስንት ዘመን ሆነው፣ ልጆች ወልጄ፣ አሁንም እንቁላል በቃሪያ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። እሱ ግን በየሠርጉ «እኔ እኮ ለማንም ሚዜነት አምልጦኝ አያውቅም» ይላል። ከቁጥር ውስጥ የገባው ስለመጣ ነው። ቢቀር ኖሮ በጀርመኖቹ ሂሳብ ንጹሕ ሰው ይሆን ነበር።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ባቡር 60 ደቂቃ ከዘገየ የቲኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ 50 በመቶ ለተሳፋሪው ይመለሳል። ይህ ሕግ እዚህ ለቀጠሮ ቢወጣ ብዬ እመኛለሁ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ የጠበቅኳቸው ሰዎች ግማሽ ግማሹን ቢመልሱልኝ የቤት ኪራይ ይወጣኝ ነበር። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ እንኳን ይገባዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሮም ወሰደው፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። 50 በመቶውን የከፈለን የለም።

ስለ ለገሃር ካነሳሁ አይቀር፣ ድሮ ባቡሩ መሀል ከተማ ነበር የሚገባው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ መጨረሻው እዚሁ ነበር። ከእቴቴ ቤት ቡናው ሳይበርድ በእግር ይደረሳል። አዲሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ለቡ ነው። ስለዚህ መሀል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ ሌላ ነገር መያዝ አለበት። እሱም ሜክሲኮ የቆመው ሚኒባስ ነው። እሱስ በሰዓቱ ይነሳል? ሁልጊዜ! ሰዓቱ ሲሞላ ነው። «ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው!» ይላል ወያላው፤ ገብተህ ትቀመጣለህ፣ አሁንም «አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው በዓለም ላይ እጅግ የሚጠበቅ ሰው ነው። የትኛውም አፕ አያሳየውም።

እውነቱን ልናገር፣ ያናደደኝ አራቱ ደቂቃ አይደለም። ስልኩ የእኔ፣ ዳታው የእኔ፣ ባትሪው የእኔ ነው። ደቂቃ ባለፈ ቁጥር «እስኪ ነካ አድርጋት» እባላለሁ። ስነካት ባቡሩ የሚፈጥን ይመስላቸዋል። «አምስት ሆነ» ስል ያዘግየሁት እኔ ነኝ፤ «ሦስት ሆነ» ስል ደግሞ ምስጋናው ለቅዱስ ገብርኤል ነው። ባለጉዳይዋ ራሷ ስንደውልላት አታነሳም። ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ይሆናላ! እዚህ አንድ ሳሎን ሙሉ እናት በጭንቀት በረካ ላይ ደርሷል፣ እሷ በመስኮት ላም እያየች ነው።

ለማሳጠር ያህል፣ ሌሊቱን የሚሄደው ባቡር ላይ ወጥታለች። የአልጋዋን ፎቶ ላከች። ፎቶው እጅ በእጅ ዞረ። «ጠባብ ናት» ተባለ፣ «አንሶላው ግን ንጹሕ ነው» ተባለ። አሁን የቀረው ቪየና በሰዓቱ መግባቱን ማጣራት ነው፤ ለንጋቱም እኔ ነኝ የተመደብኩት።

ጫማዬን ሳስር እቴቴ የሚጥሚጣ ዕቃ እየከደነች «እሁድ እንዳትቀር፣ አጎትህ ከድሬዳዋ ይመጣል» አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብቻውን ነው የሚመጣው።

«በባቡር ነው በአውቶቡስ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚገባው ታዲያ?»

«ምን ያጨናንቅሃል? ሲደርስ ይደውል የለ!»