ውዳሴ እርድ ወሎሚ

የአዲስ አበባ ሰው ለቆዳው የሚከፍለውን መስዋዕትነት ያላደነቀ ጓዳ ገብቶ አላየም ማለት ነው። እርዱ ከወጥ ቤት ወጥቶ ጉንጭ ላይ ሰፍሯል። ተልባው ተቀቅሎ፣ ዝልግልጉ ተጣርቶ ፍሪጅ ውስጥ በብርጭቆ ተቀምጧል፤ የፊት መጨማደድ ማጥፊያ መርፌውን የሚተካ «የተፈጥሮ ቦቶክስ» ነው። የሩዝ ውሃው ለአንገት፣ የቡናው አተላ ለግንባር። ባል ማታ ገብቶ «እራት የለም እንዴ?» ሲል «ፊቴ ላይ ነው» ቢባል ቅር ሊለው አይገባም። ለጤና ነው።

ይህን ጥበብ ላስተማሩን የቲክቶክ ሊቃውንት ምስጋና ይግባቸው። ድሮ የቆዳ ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት መማር ነበረበት ሰው። አሁን አንድ ሪንግ ላይትና ግማሽ ሎሚ ይበቃል። አንዷ ሎሚውን ለሁለት ሰነጠቀችው። ግማሹን እርድ ውስጥ ነክራ ጉንጯን ፈተገችበት። «ትንሽ ያቃጥላል፣ እየሠራ ስለሆነ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ቀጥላም «አንቲኦክሲደንት (ሰውነትን ከኦክሲዴሽን፣ ማለትም ኦክስጅን ከሚያመጣው ጉዳት፣ የሚጠብቅ ንጥረ ነገር) ስለሆነ እርጅናንም ካንሰርንም ይከላከላል፣ ሼር አድርጉት» አለች። ምን እናድርግ፣ ሼር አደረግነው።

ሎሚን ሳላሞግስ ማለፍ ይከብደኛል። ሎሚ ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለሳምንታት አልፎም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ማድያት ለማጥፋት ተቀብቶ አዲስ ጥቁረት መሸመት! ለዚያም ቢሆን አይታሰብ፣ ሌላ ቪዲዮ አለ።

ምቀኞቹ ሳይንቲስቶች ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ቦታ ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ከ1,600 በላይ ሰዎችን ይዘው ሞከሩ። በዕጣ ለገሚሱ በየቀኑ ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ እንዲቀቡ ነገሯቸው። እንደገና በዕጣ ለገሚሱ ካሮትን ካሮት ያስመሰለውን አንቲኦክሲደንት፣ ቤታካሮቲንን፣ በክኒን ሰጡ። በየቀኑ የተቀቡት ላይ አንዱ ዓይነት የቆዳ ካንሰር፣ ስኳመስ የሚሉት፣ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የቆዳቸው እርጅናም በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑስ? ለካንሰሩም ለእርጅናውም ጠብ ያለ ነገር የለም። ፊንላንድ ውስጥማ ጉዳዩ ከፋ። ይህንኑ ቤታካሮቲን በቀን 20 ሚሊግራም ሲውጡ የኖሩ አጫሾች ከሌሎቹ አጫሾች ይልቅ በ18 በመቶ በበለጠ የሳንባ ካንሰር ያዛቸው። ካሮቱን ራሱን መብላት ምንም አይልም፣ ብሉ። ግን ካሮት መብላት ቪዲዮ አይወጣውም።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ፦ የአረንጓዴ ሻይ አንቲኦክሲደንት የላቦራቶሪ አይጦችን ቆዳ ፀሐይ ከሚያመጣው ዕጢ ሲከላከል ታይቷል። ተከታዮቻችን መካከል አይጦች ካላችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

እኛ ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላለች። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል «ምን ፀሐይ አለ፣ ብርድ እኮ ነው» እንላለን። ጨረሩ ቴርሞሜትር አያነብም። «ጥቁር ነን፣ አይነካንም» የሚለውም አለ። ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ውለታው ብዙ ነው፣ እውነት። ግን ማድያቱን ማን አመጣው? ደግሞስ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ሜላኒን አልታደሉም፤ ለእነሱ ሰንስክሪን ከቆዳ ካንሰር መጠበቂያ እንጂ መዋቢያ አይደለም። ለእነሱ ሼር የሚያደርግ ግን ብዙ አላየሁም።

እናቶቻችንን እንተዋቸው፤ ኋላ ቀር ናቸው። ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ስለ አንቲኦክሲደንት ምን ያውቃሉ?

ዘመናዊዋን ወዳጄን እዩልኝ። መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። አናታችን ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላለች። ከቦርሳዋ የቫይታሚን ሲ ሴረም አወጣች። ሲገዛ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነበር፣ አሁን እንደ ሻይ ቀልቷል። ቫይታሚን ሲ አየርና ብርሃን ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል፤ ቆዳዋን ከኦክሲዴሽን ሊጠብቅ የተገዛው ራሱ ኦክሲዴት አድርጎ ቁጭ ብሏል። ሦስት ጠብታ ጉንጯ ላይ አንጠባጥባ መታ መታ አደረገችው።

«ጃንጥላ የለሽም?» አልኳት።

«አለኝ እንጂ» ብላ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። «ግን ዝናብ የለማ!»