ባድመ ላይ የፈረደልን ሕግ አሰብ ላይም ይሠራል

ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ የቀይ ባሕር ወሬ ከአፋችን ጠፍቶ አያውቅም። የኤርትራዋን የአሰብ ወደብ በጦር እንውሰድ ወይስ አንውሰድ የሚለው ክርክርም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ታሪክ ይመዛል፣ ሌላው ካርታ ይዘረጋል። የሕዝብ ቁጥር ይጠቀሳል። ዓለም አቀፍ ሕግ ከተነሳ ግን የሚነሳው ሊቀለድበት ነው። «የምን ሕግ? አሜሪካ ኢራቅ ስትገባ ማን ጠየቃት?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ የረሳነውን ፍርድ ላንሳ። ስለ ጦርነትና ሕግ ስናወራ የምንጠቅሰው ጄኔቫን ነው። ጃንሆይ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ማለታቸውን የማያውቅ የለም። ሕግ ያልደረሰልን ጊዜ ስለሆነ አይረሳንም። ሕግ የፈረደልን ጊዜም ግን ነበር። እሱን ማን ያስታውሰዋል?

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) አንድ አገር በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም፣ በኃይልም እንዳያስፈራራ ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ የሚያስወጡ በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ 51 ነው። የታጠቀ ጥቃት ከተፈጸመብህ ራስህን ትከላከላለህ፣ ወዲያውም ለምክር ቤቱ ታሳውቃለህ። ታሪካዊ መብት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የኢኮኖሚ ችግር የሚል ሦስተኛ በር የለም።

አሁን ወደ ባድመ እንምጣ። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚወዛገቡባት የድንበር ከተማ ባድመ አካባቢ አነስተኛ ግጭት ተነሳ፣ ሰው ሞተ። ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ቢያንስ ሁለት ብርጌድ ይዞ በታንክና በመድፍ ታግዞ ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ጦርነት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት።

በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት መሠረት ሁለት ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ወሰነ። ያኔ መንግሥት ባድመ ለእኛ ተወሰነች ብሎ ነበር የነገረን። መስመሩ ሲሰመር ባድመ ያለችው ኤርትራ ውስጥ ነው። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ጦርነቱን ሕግ ጥሶ የጀመረው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጠ። ኤርትራ ናት አለ። አንቀጽ 2(4)ን ጥሳለች፣ ላደረሰችው ጉዳትም ተጠያቂ ናት።

ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። ኮሚሽኑ ይህን ሲፈርድ መሬቱ የኤርትራ እንደሆነ ከተወሰነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ኤርትራም ይህንኑ ተከራክራለች። የገዛ መሬቴን ነው ያስመለስኩት፣ ደግሞም ቀድሞ የተተኮሰብኝ እኔ ነኝ አለች። ኮሚሽኑ ሁለቱንም አልተቀበለም። ባድመ ያኔ በሰላም በኢትዮጵያ እጅ ስትተዳደር ነበር። የድንበር ክርክር በዓለም ላይ የትየለሌ ነው፣ «የራሴን መሬት ነው» ላለ ሁሉ ከተፈቀደ ዋናው ሕግ ላይ ትልቅና አደገኛ ቀዳዳ ይከፈታል አለ። የድንበር ላይ ግጭቱንም በተመለከተ፣ ጥቂት ወታደሮች ተታኩሰው ሰው ቢሞትም እንኳ ያ ለጦርነት መብት የሚሰጥ የታጠቀ ጥቃት አይደለም ሲል ደመደመ።

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ያው ነው። መጀመሪያ የሚታየው በይዞታው ላይ የነበረው ማን ነው፣ በጉልበት የገባበትስ ማን ነው የሚለው ነው። ባለቤትነቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ሌላ መዝገብ አለው።

እንግዲህ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። የባድመው ፍርድ ለእኛ የተፈረደ ነው። የረታንበት ነጥብ ደግሞ መሬቱ የእኛ ነው የሚለው አልነበረም፣ እሱንማ በሌላው መዝገብ ተረትተናል። የረታነው «ቢሆንም በጦር አትመጣብኝም» ብለን ነው። በዚህ ፍርድ ረትቶ፣ አሁን ዞሮ «አሰብ በታሪክ የእኔ ስለሆነች በጦር ልውሰዳት» ማለት የራስን የፍርድ ወረቀት መቅደድ ነው። ያውም ባድመ ላይ ኤርትራ ቢያንስ መሬቱ በሕግ ተወስኖላታል። አሰብ ላይ እኛ ያ እንኳ የለንም። በ1985 ዓ.ም. የኤርትራን ነፃነት ራሳችን ተቀብለናል። ያኔ የተሠራው ፖለቲካ ያናደደው ሰው ብዙ ነው፣ እኔንም ጭምር። ንዴቱ ግን መብት አይሆንም።

የባሕር በር ጥያቄው ራሱ ነውር አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ወጪና ገቢ ንግዱ ከሞላ ጎደል በአንድ ጅቡቲ ላይ ሲንጠለጠል መጨነቁ ያለ ነው። የዓለም የባሕር ሕግም የባሕር በር ለሌላቸው አገሮች የመተላለፍ መብት ያውቃል፣ ዝርዝሩን ከጎረቤት ጋር ተስማሙ ብሎ። በዚህ መንገድ መጨቅጨቅ፣ መደራደር፣ ጫና መፍጠር ይቻላል።

«ኤርትራ ግን ታጣቂ እያስታጠቀችብን ነው» የሚል አለ። ይህ ቀላል ክስ አይደለም፣ እውነት ከሆነ ሕገወጥ ነው። ግን የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1978 ዓ.ም. በኒካራጓና በአሜሪካ ጉዳይ ላይ ምን እንዳለ እንይ። የሌላ አገር አማፂዎችን ማስታጠቅ ሕግ መጣስ ነው፣ መሣሪያ መስጠቱ ብቻውን ግን የታጠቀ ጥቃት አይባልም አለ። ትከሳለህ፣ ታጋልጣለህ፣ ድንበርህን ትጠብቃለህ። ጦር ይዘህ ዋና ከተማው ድረስ አትሄድም።

አሁን ወደ ኢራቅ። አዎ፣ በ1995 ዓ.ም. አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅ የገቡት የጸጥታው ምክር ቤት ሳይፈቅድ ነው። የያኔው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ራሳቸው በዓመት ከመንፈቁ ሕገወጥ ነበር ብለዋል። የተጠየቀ መሪ ግን የለም። ሩሲያም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬን ስትገባ አንቀጽ 51ን ጠቅሳ ነው፣ በጸጥታው ምክር ቤት የቀረበውን የውግዘት ረቂቅም በድምጽ መሻር መብቷ ጣለችው። ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄዶ የካቲት 23 ቀን 141 አገሮች አወገዟት። ከተቃወሙት አምስት አገሮች አንዷ ኤርትራ ነበረች። ኢትዮጵያ ድምጽ ሳትሰጥ ቀረች። በአድዋ በዓል ዕለት መሆኑን ቀን መቁጠሪያ ገልብጣችሁ እዩት።

ታዲያ ሕጉ ለትልልቆቹ አይሠራም ማለት ነው? በአብዛኛው፣ አዎ። ግን ከዚህ ተነስቶ «ለእኛም አይሠራም» ማለት ሒሳቡ አይመጣም። እኛ ድምጽን በድምጽ የመሻር መብት የለንም። ብድራችን ይራዘምልን ብለን በየደጁ የምንቆም አገር ነን። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ጦራችን ወደፊት ሲገፋ የጸጥታው ምክር ቤት በቀናት ውስጥ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፣ በኤርትራ ብቻ ሳይሆን በእኛም ላይ። ቀድሞ የተወረረው ማን ነው ብሎ አልለየም። እውነት ከእኛ ጋር በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ከሆንን፣ በሌለችበት ጊዜ ምን እንደምንሆን መገመት ነው።

ካሳውም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወሰነ። ጦርነቱን ጀምረሃል የተባለውና የተወረረው እኩል ሊባል ትንሽ የቀረው ካሳ ይዘው ወጡ። ምክንያቱም ጦርነቱን ማን ጀመረ እና በጦርነቱ ውስጥ ማን ምን ፈጸመ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኤርትራ መቀሌ የአይደር ትምህርት ቤት አካባቢ በወደቀው ቦምብ ተጠያቂ ሆናለች። እኛም በምርኮኞች አያያዝና ባባረርናቸው ሰዎች ጉዳይ ተጠያቂ ሆነናል። መከላከል መብታችን ነበር፣ የፈጸምነውን በደል ግን አላጠበልንም።

ለጦርነቱ የሚከራከር ሰው ካለ አንድ የቤት ሥራ ልስጠው። በአንቀጽ 51 መሠረት ለጸጥታው ምክር ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ይጻፈው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ የታጠቀ ጥቃት ተፈጽሞብናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል። ቀኑ ላይ ምን ይሞላበታል? ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ይህን ደብዳቤ አልጻፈችም ነበር። ኮሚሽኑ እሱንም ሳይጠቅስ አላለፈም።