ማስተካከያ፦ የወሊድ መከላከያና የእርግዝና ክትትል አገልግሎት አልተቋረጠም

ባለፈው ሳምንት ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ባሰራጨነው መልእክት፣ በኮሮና ምክንያት ጤና ጣቢያዎች የሚቀበሉት ድንገተኛ ሕመምተኞችን ብቻ እንደሆነ ገልጸን፣ ለወሊድ መከላከያና ለእርግዝና ክትትል የሚሄዱ እናቶች ሁኔታው እስኪረጋጋ ቤታቸው እንዲቆዩ መክረን ነበር። ይህ ስሕተት ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ፣ የታክሲ ተሳፋሪንም በግማሽ ቀንሶ ነበር እንጂ ለሕክምና መውጣትን አልከለከለም።

መልእክቱን በማመን ከቀጠሮዋ የቀረች አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስታሳየን፣ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌዋ ቀን ካለፈ 16 ቀን ሆኖት ነበር። በጣም አዝነናል። ደግነቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ መርፌው ቀኑ ካለፈ እስከ አራት ሳምንት ድረስ ያለ ተጨማሪ መከላከያ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በላይ የዘገየችም ቢሆን እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ መርፌውን ወስዳ ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጠቀማለች፤ በዚያው መልእክት «የወር አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ ነው» ያልነውም ስለዚህ ተሰርዟል።

ነፍሰ ጡር ሆና ደም የሚፈሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ የሚሰማት፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰባት እናት ቀጠሮ ሳትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያውኑ ትሂድ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና የቀጠሮ ካርድ መያዝ አይዘንጋ።