ቀኝ አንጎል ሂሳብ አይከፍልም

ፈጠራ ከቀኝ አንጎል፣ ስሌት ከግራ ነው፣ ሰውም ወይ የቀኝ ወይ የግራ ነው ብለው "እኔ እኮ የቀኝ አንጎል ሰው ነኝ" ለሚሉ ወገኖቻችን ክብር ይገባል። ድሮ ሰው ሲያረፍድ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። አሁን ጭንቅላቱን እየጠቆመ ያስረዳል። ሠለጠንና!

ቅዳሜ ከአንዱ ጋር ምሳ በላሁ። ልዩ ክትፎ ያዘዘው እሱ ነው። አስተናጋጇ ሂሳብ ስታመጣ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። "ሂሳብ የግራ አንጎል ነገር ነው። እኔ የፈጠራ ሰው ነኝ።" እውነቱን ነው፣ ይሄም ፈጠራ ነው። ይኸው ሰው እቁብ ላይ ግን ሌላ ነው። ማን ስንት ሳምንት እንዳልጣለ፣ ዕጣ ያልወጣላቸው ስንት እንደቀሩ በቃሉ ይወጣዋል። ውሎ አበል ሲሆን ሳንቲም አታመልጠውም። አምና ያበደርኩት ሦስት ሺህ ብር ሲነሳ ግን የግራው ሰፈር መብራት ድርግም! ፈረቃ ነው መሰለኝ። ለመቀበል ይበራል፣ ለመክፈል ይጠፋል። ደግነቱ ደመወዝ በሚገባበት ቀን ጄኔሬተር አለው።

ሮጀር ስፔሪ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል የተሸለመው፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል የሁለቱ አንጎል ጎኖች ድልድይ የተቆረጠባቸውን ሰዎች አጥንቶ ነው። የወዳጄን ማንም አልቆረጠበትም። 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ከግራ ቀኝ ወሬ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ቋንቋ ወደ ግራ ያደላል፣ ይሄ እውነት ነው። ሰው ግን አያደላም። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን አንጎል በምስል አይተው "የቀኝ ሰው"፣ "የግራ ሰው" የሚያሰኝ ነገር አጡ። ምነው እኛን በጠየቁን! እኛ ጋ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃቸው ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይ የእህቴን ልጅ አሥር ጥያቄ ጠይቆ "ይቺ የግራ ናት፣ ሥዕል ይቅርባት" አለ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከለሮቿን ሰብስባ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ምን ቤት ነህ አንተ? በአንዲት ወረቀት የልጅ እጅ የምታስር! ይህቺው ልጅ እኮ ባለፈው ሳምንት አራት የሃይላንድ ክዳን በጋለ ሚስማር በስታ ለወንድሟ መኪና ሠርታለታለች። መሪው ይዞራል።

ለማንኛውም ክትፎውን እኔ ከፈልኩ። አስተናጋጇ መልስ ስታመጣ የፈጠራ ሰው ብሮቹን ከሩቅ በዓይኑ ገረፍ አደረጋቸው።

"አሥር ብር ጎድሏል" አለኝ።