ክብሪት ያለው!

ትናንት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረ ልጅ ድንገት ወደቀና መንፈራገጥ ጀመረ። ሰልፉ ባንዴ ክብ ሆነ። "አየር ስጡት! አየር!" ብሎ የሚጮኸው ሰውዬ ከሁሉም ቀርቦ ልጁ ላይ የተደፋው ራሱ ነው። ከዛ ያው የታወቀው መጣ፣ "ክብሪት ያለው!" ሻማ ለመለኮስ ስትፈልግ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ የማይገኝ ክብሪት፣ ሰው ሲወድቅ ስድስት ሆኖ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

"ኧረ ክብሪት ምንም አይሰራም፣ ዙሪያውን ክፈቱለት፣ አትያዙት፣ ሲያቆምለት በጎኑ እናስተኛዋለን" አልኩ። አንዲት እናት ዞር ብለው "ሀኪም ነህ እንዴ የኔ ልጅ?" አሉኝ። "አይ እማማ፣ ተማሪ እያለሁ የቀይ መስቀል ክበብ አባል ነበርኩ።"

ክብሪቱ ተጫረ።

ክበቡን ካነሳሁት አይቀር፣ እኔ የገባሁት ለሰብዓዊነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ሰደርያውን የለበሰ ልጅ ጠዋት በር ላይ አርፋጅ ስለሚይዝ፣ ራሱ አርፍዶ ቢመጣ ማንም አይነካውም፣ በቃ። ሰባቱን መርሆዎች ግን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው የሸመደድነው፣ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኝነት እያልኩ እወርደዋለሁ። የቀይ መስቀል ሐሳብ ጠንሳሹ ሄንሪ ዱናንት እ.ኤ.አ. በ1859 የሶልፌሪኖ ጦርነት ላይ ቁስለኛ ሜዳ ላይ ተረስቶ አይቶ እንዴት እንደተነሳ፣ የኛው ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ እንዴት እንደተቋቋመ፣ ሁሉንም እናውቃለን። የማናውቀው የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ቁልፉ ተጠሪው መምህር ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሻይ ቤት ናቸው። አንድ ቀን ተከፍቶ ሳየው አንድ ጠርሙስ ጂቪ፣ ያ ቁስል ላይ የሚቀባው፣ እና የተረፈ ጥጥ ነበር። ለዛ ነው ለካ ጉልበቱ የተላጠውም ሆዱን የቆረጠውም ወይን ጠጅ ተቀብቶ ወደ ክፍል የሚመለሰው።

አባባ ሁሌ የሚሏት፣ እኔም የምወዳት ተረት አለች፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" ክበባችን ይህቺን ተረት በመፈክር ሰሌዳ ጽፎ አበላሽቶብኛል። በየዓመቱ የወላጆች ቀን ላይ የእርዳታ ትርኢት እናሳያለን፣ ቁስለኛው ደግሞ ሁሌ እኔ፣ ቀጭን ነኛ! ሶስት ዓመት ሙሉ ፋሻ ተጠቀለልኩ እንጂ አንድ ሰው ሳልጠቀልል ክበቡን ጨረስኩ። በሶስተኛው ዓመት አራት ልጆች በቃሬዛ ተሸክመውኝ ሲገቡ ሰብሳቢያችን በማይክራፎን "ሃምሳ ሎሚ" አለ፣ ህዝቡ አጨበጨበ፣ አራቱም ወደ ክብር እንግዶቹ ዞሩ፣ እኔ መሬት። ጌጥ ሆኜ ቀረሁ። ወላጅ ሁሉ የትርኢቱ ክፍል መስሎት ደገመው፣ ሳይ እናቴም እያጨበጨበች ነው። ቅንድቤ ላይ ጂቪ ቀቡኝ፣ ሰርተፍኬቱን ለአራቱ ሰጧቸው።

ይኸው ሰብሳቢ ዛሬም አልተወም፣ ፌስቡክ ላይ አየዋለሁ። ለአንዲት አሮጊት አንዲት ዳቦ ሲሰጥ ስምንት እጅ ዳቦዋን ይዟል፣ አሮጊቷ የትኛውን ካሜራ እንደሚያዩ ግራ ገብቷቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ኧረ ዳቦዋን ልቀቁላቸው! የምራቸውን እኮ ነው የራባቸው! ሃምሳ ሎሚ ማለት አንዷን ሎሚ ሃምሳ ሰው ይያዛት ማለት ነው ያላችሁ ማነው?

ልጁን ረሳሁት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ለመጥራት 907 እየደወልኩ እያለ ነቃ። "ይኸው፣ ክብሪቱ ሰራ!" አሉ፣ እማማም በሀዘኔታ አዩኝ። በጎኑ እንዳላስተኛው ቁጭ ብሏል፣ አፍንጫው ጥላሸት ነክቶታል፣ ዙሪያውን ቃኘና "ሰልፌስ?" አለ። ለካ በዚህ መሀል ታክሲ መጥቶ ሞልቷል። "አየር ስጡት" ባዩ ሰውዬ ጋቢና ገብቶ ተመቻችቷል፣ ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ዘግቶ።